«አይጠራም» የተባለው ዘፈን

ሚያዝያ 19 ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቁንጫ አንድ ዘፈን ከመሃሉ አቋርጦ ኮምፒውተሩን ዘጋ። ዘፈኑ ርዕስ የለውም፤ የፋይሉ ስም «አዲሱ» ነው። ከበሮው ብቻውን ይጀምራል፤ ቤዙ ይከተለዋል፤ ሁለቱ እየተገፋፉ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ድንገት ጸጥ ይላል። ከጸጥታው ወዲያ ምንም የለም። ጸጥታው ምን ያህል እንዲረዝም እንዳሰበ፣ ከዚያስ ምን ሊያመጣ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የለም። በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ ቀረ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ቁንጫ የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቱ ናት። ገና ሲድህ «ይሄ ልጅ ሳይሆን ቁንጫ ነው፤ ያዝኩት ስትይ ሌላ ቦታ ታገኚዋለሽ» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ታላቅ እህቱ ሰማች፤ እህቱ የሰማችውን ሰፈሩ ሰማ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ልጁም ስሙን አላሳፈረውም። ምሳውን የሚበላው ቆሞ ነበር። በስልክ ሲያወራ ከክፍል ክፍል ይዞር ነበር። ባሏ የሞተባት እህቱ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ይዞ ሲኖር፣ ምንጣፉ ከበሩ እስከ መስኮቱ በአንድ መስመር ሳስቶ ነበር። የእሱ መንገድ ነው። እህቱ ምንጣፉን ባየች ቁጥር፣ «ይሄን ሁሉ መንገድ ወደ ውጭ ብትሄደው ኖሮ እስካሁን ባሕር ተሻግረህ ነበር» ትለዋለች።

አንድ ቦታ ብቻ እግሩ ይታሰር ነበር፤ ጭፈራ ላይ። ግብዣ ሲጠራ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወንበር ያመላልሳል፤ ሽቦ ይዘረጋል፤ ለአሮጊቶች ውኃ ይዞ ይሮጣል። ሙዚቃው ተከፍቶ ሰው ወደ መሃል ሲወጣ ግን ከትልቁ ስፒከር አጠገብ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ቤዙ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ሲደልቅ ይሰማዋል፣ ደስም ይለዋል፤ እግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። አንዴ አፍሮ ቀረ፤ ሁለተኛ አፍሮ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ የማይጨፍር ሰው ሆኖ ታወቀ፤ የታወቀ ሰው ደግሞ መልኩን መለወጥ ይከብደዋል። እህቱ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «መዝለል የማይችል ቁንጫ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቤት አለላችሁ» ስትል አብሮ ይስቃል።

ሙዚቃ መሥራት የጀመረው ከዚያ ስፒከር ጥግ ነው። ዘፋኝ የሌለው፣ ግጥም የሌለው፣ ኮምፒውተር ላይ ከከበሮና ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ የሚገጣጠም የዳንስ ሙዚቃ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ፤ ሶፍትዌሩን ራሱን በራሱ አስተማረ። ጠዋት ከሥራ በፊትና በእረፍት ቀኑ ይሠራል። ምን እንደሚፈልግ ለማንም አልደበቀም፦ እንደ እሱ ያለውን ሰው፣ ግድግዳ የተደገፈውን፣ ከተደገፈበት የሚያነሳ አንድ ዘፈን። «አንድ ብቻ» ይል ነበር። «ከዚያ በኋላ ብተወውም ግድ የለኝም።»

እንጀራው መነጽር ነው። አንዲት የዓይን ሐኪም በከፈተችው መነጽር ቤት ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ፣ ወይም በትክክል ለመናገር ቆሞ፣ ሌንስ ይሞርዳል። ሌንሱን በፍሬሙ ልክ ይከረክማል፣ ጠርዙን ያለሰልሳል፣ በጨርቅ ይወለውላል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ጭረት ካየ ይመልሰዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ዶክተሯ በሽተኞቿን ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እያስነበበች ሌንስ ትቀያይራለች።

«አሁንስ? ጠራልዎት?»

«አልጠራም።»

«ይሄኛውስ?»

«ትንሽ ጠራ።»

ቁንጫ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ይህን ነው። ጠራ፣ አልጠራም፣ ይጠራል፣ አይጠራም። ለእሱ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ሌላ ትርጉም እንዳለው የሚያስታውሰው ነገር በዚያ ቤት አልነበረም።

አንድ ጊዜ የዶክተሯ ታናሽ ወንድም ተመረቀና በሰፈሩ የግብዣ አዳራሽ ድግስ ተደገሰ። የአዳራሹ ዲጄ ፊውዝ ይባላል፤ ቶሎ ስለሚግል የወጣለት ስም ነው። ዶክተሯ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ይሄ የኔ ሠራተኛ ሙዚቃ ይሠራል፤ አንዱን አጫውትለት፣ ለኔ ስትል» አለችው። ፊውዝ አጫወተለት። ቁንጫ እንደ ልማዱ ስፒከሩ ጥግ ቆሞ ያይ ጀመር። መሃል ላይ የነበሩት ሰዎች ትንሽ ተወዛወዙ፤ አንዷ ጫማዋን ልታስተካክል ወጣች፣ አልተመለሰችም፤ ሁለት ወንዶች ወሬ ይዘው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ዘፈኑ ሳያልቅ መሃሉ ባዶ ሆነ። ከተቀመጠው የተነሳ አንድም የለም።

ቁንጫ ወደ ዲጄው ጠረጴዛ ተጠጋ። ፊውዝ አንድ ጆሮው ላይ ሄድፎን እንደያዘ፣ ሌላ ዘፈን እያዘጋጀ፣ ቀና ሳይል፣

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ መነጽር» አለው። «ግን አይጠራም።»

በቃ፤ ይህን ብቻ ነው ያለው። በአዳራሹ ጩኸት ውስጥ ለማብራራት ጊዜም አልነበረውም። ቁንጫም ማብራሪያ አልጠየቀም፤ ምኑን ይጠይቃል? ያልጠራ ነገር ምን እንደሚደረግ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

በዚያው ሰሞን የእህቱ ልጅ ለማግባት ቀን ቆረጠች፤ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ በዚያው አዳራሽ። እጁ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ማድ ቤት ቆማ ቲማቲም እየከተፈች፣

«አጎቴ፣ ስማ» አለችው። «ሰርጌ ላይ ያንተ ዘፈን ይከፈታል። ለእጮኛዬም ነግሬዋለሁ።»

«እስኪጠራ ድረስ አይከፈትም።»

«ሳይጠራስ?»

«ሳይጠራማ እንግዳሽን በትኜ ላዋርድሽ ነው?»

«እንግዲህ አጥራው። ብቻ አንተ ካልነሳህ እኔም አልነሳም፤ ነጭ ልብሴን ለብሼ ቁጭ እላለሁ፣ ሰው ይታዘበን።»

ከማግሥቱ ጠዋት ጀምሮ ዘፈኑን እንደ ሌንስ ይሞርደው ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠረው ክፍሉን ነው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነበር፤ ቤዝ ደግሞ ጥግ ይወዳል፣ እዚያ ይከማችና ካለው በላይ ያለ ይመስላል። ጠረጴዛውን ወደ መሃል ጎትቶ አወጣው፤ ስለዚህ ወደ አልጋው የሚደረሰው በጎን እየተሹለከለኩ ሆነ። የሲሚንቶው ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ሲያደናግረው ከየክፍሉ ብርድ ልብስ ሰብስቦ ሰቀለ። እህቱ ማታ አልጋዋ ራቁቱን ሆኖ አገኘችውና መጣች።

«አንተ ቁንጫ! ብርድ ልብሴስ?»

«ግድግዳው ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ግድግዳው በርዶት ነው?»

«ድምፅ እንዳይመልስ ነው። ለልጅሽ ሰርግ ነው እኮ።»

«ልጄ ሳታገባ እኔ በብርድ ልቀበርልህ!» አለች፤ ግን አላወረደችውም። ካፖርቷን ደርባ ተኛች።

ከዚያ ወደ ድምፆቹ ገባ። ከበሮውና ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው እንደሚገፋፉ ደረሰበት፤ ለከበሮው ታቹን፣ ለቤዙ ከዚያ ከፍ ያለውን ስፍራ ሰጥቶ አስታረቃቸው። ከሌሎቹ ድምፆች ሥር ያለውን የማይሰማ ጉርምርምታ አንድ በአንድ ቆረጠ። የፍሪጁ ሞተር የሚያወጣው እዝዝታ በማይክ ከቀዳው ከበሮ አንዱ ቅጂ ላይ እንደገባ ሲያገኝ ደሙ ፈላ፤ ቅጂውን ጥሎ እንደ አዲስ ሠራው። በመጨረሻ ሁሉንም ሶፍትዌሩ ውስጥ ባለው፣ እሱ «መጭመቂያው» በሚለው መሣሪያ አሳለፈው። መሣሪያው ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ጮክ ብሎና እኩል ጠርቶ እንዲሰማ ያደርገዋል።

ግን አንድ ቦታ ሆኖ መስማት አልሆነለትም። ዘፈኑን ክፍሉ ውስጥ ይከፍትና ኮሪደር ወጥቶ ይሰማዋል፤ ደረጃ ወርዶ ይሰማዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በመስኮቱ ይሰማዋል። በስልኩ ጭኖ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን ይለምናል፦ «እባክህ ወንድሜ፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ብቻ ክፈትልኝ።» አንዱ ሾፌር ከፈተለትና፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለ። «ዘፋኝ የለውም» ሲለው፣ «አይ፣ እንግዲያው ሲመጣ ንገረኝ» ብሎ ወደ ዜናው መለሰው።

ታች ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጡረተኛ ጎረቤት ደግሞ አንድ ጠዋት በሩን አንኳኳች። ቁንጫ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

«ጩኸቱንስ ለምጄዋለሁ፣ የኔ ጌታ። ግን እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ለምንድነው የምትመልሰው? ዱም ዱም ዱም ትልና ልክ ሊያልፍ ሲል ትመልሰዋለህ። ነፍሴ እዚያ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ወይ አሳልፈው፣ ወይ ግደለኝና ልረፍ።»

«እስኪጠራ ነው፣ እማማ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ዘፈኑ ጸድቶ ሲያልቅ ሥራ ቦታ ይዞት ሄደና ዶክተሯን በሄድፎን አሰማት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ጠራ?» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ እንደ መስታወት ነው! አንድ ጉድፍ የለውም።» ሄድፎኑን አውልቃ ትንሽ አሰበች። «ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ብሰማው ደስ ይለኛል፤ ትልክልኛለህ?»

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ሊገባው ይገባ ነበር። ቁንጫ ግን ግማሹን ብቻ ይዞ፣ «እንደ መስታወት» የሚለውን ይዞ፣ በምሳ ሰዓት እየሮጠ አዳራሹ ሄደ። ፊውዝ ሽቦ ይጠቀልል ነበር። ከፈተለት፤ ቆመው ሰሙ። ፊውዝ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«አሁንም አይጠራም።»

«የቱ ጋ ነው የማይጠራው?»

«የቱ ጋ ትለኛለህ እንዴ? ሁሉም ጋ ነዋ! እንዲያውም የመጀመሪያው ይሻል ነበር።»

ቁንጫ ከአዳራሹ ሲወጣ ቆሽቱ አርሮ ነበር። የመጀመሪያው ይሻላል? ያ እንደ ጎርፍ ውኃ የደፈረሰው? አንድ ጊዜ ጆሮዬ ነው ብሎ ሠጋ፤ ሄዶ አስመረመረ፤ ጆሮው ደህና ነው። አንድ ጊዜ ሄድፎኑ ነው ብሎ ሌላ ተዋሰ። ቀጥሎ ፊውዝ ነው፣ ቀንቶብኝ ነው አለ፤ ይህን ሲል እህቱ እንኳ ሳቀችበት፦ «ፊውዝ ባንተ? በምንህ? በብርድ ልብሴ?» ሥራ ላይ ሌንስ ይዞ ወደ ብርሃን ሲያነሳ ከጭረቱ ይልቅ ዘፈኑን ያስብ ጀመር። አንዱን ሌንስ አላግባብ ከርክሞ አበላሸ፤ በሥራው ዘመን ያልሆነ ነገር ነው። ምንጣፉ ላይ ያለው መንገድ እየጠለቀ ሄደ። ሰርጉ ደግሞ ቀርቦ፣ ልጅቷ ልብሷን ለክታ፣ የጥሪ ካርድ ተበትኖ ነበር።

በሰርጉ ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ አዳራሹ ሄደ። ሴቶች ወለሉን እየወለወሉ ነበር፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ፊውዝ ስፒከሮቹን ለመፈተሽ አንድ የድሮ የዳንስ ዘፈን ከፈተ፤ ከካሴት የተገለበጠ፣ እሽሽሽ የሚል፣ ቤዙ የተሰነጠቀ። ቁንጫ ፊቱን አጨማደደ። ድንገት ግን ዓይኑ ወደ ወለሉ ሄደ። አንዷ ሴት መወልወያዋን እንደያዘች ወገቧን ትነቀንቅ ጀምራለች። ሌላዋ ከዳር ባልዲዋን አስቀምጣ መጣች። ሦስተኛዋ፣ በዕድሜ የገፋችው፣ «ኧረ ተዉኝ፣ ወገቤ ነው» እያለች ወገቧን ይዛ እየዞረች ነው።

«አየህ?» አለ ፊውዝ በጣቱ እያሳየ። «ይሄ ነው የሚጠራ ዘፈን!»

«ይሄ?» ቁንጫ ጮኸ። «ይሄ ነው የጠራው? ይሄ እኮ ድፍርስ ነው! ውስጡ ንፋስ አለ! ቤዙ ተቀዷል! የኔን እንደ ብርጭቆ የታጠበውን አይጠራም ብለህ፣ ይሄን ቆሻሻ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ማነው ስለ መታጠብ ያወራህ?»

«አንተ ነሃ! አይጠራም አላልከኝም?»

«አይጠራማ! ሰው አይጠራም! ቁጭ ያለውን ሰው ና፣ ተነስ ብሎ አይጠራም ነው ያልኩህ!» ፊውዝ እጁን አወዛወዘ፣ ሰው እንደሚጣራ። «እኛ እንዲህ ነው የምንለው። የሚጠራ ዘፈን አለ፣ የማይጠራ ዘፈን አለ። አንተ ምን መስሎህ ነው?»

ቁንጫ አፉን በእጁ ያዘ። ፊውዝ አንድ ጊዜ አየው፣ ሁለተኛ አየው፤ ሲገባው ጊዜ ሽቦዎቹ ላይ ተቀመጠና እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ጋሼ መነጽር! ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትወለውለው ነው የከረምከው?»

ሴቶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። በእግሩ ወደ ቤት ሄደ፤ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። አንድ ነገር ማጥራት ያውቅበታል። መጥራትን ግን ከማን ይማራል? በሕይወቱ ማንም ዘፈን ጠርቶት አያውቅም፤ ወይም ጠርቶት እንደሆነ እሱ አቤት አላለም።

ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ከዘፈኑ ፊት ቆመ። በማያ ገጹ ላይ የዘፈኑ መልክ ከዳር እስከ ዳር እንደተለሰነ ግድግዳ ነው፤ ጉብታ የለው፣ ጎድጓዳ የለው። ሲያየው ቆይቶ ሄድፎኑን ሲያወልቅ እህቱ ከማድ ቤት ስትጣራ ሰማ።

«አንተ!»

ዝም አለች። ከዚያ ደግማ፣

«አንተ!»

እንደገና ዝም። ሊመልስላት አፉን ከፍቶ እንደከፈተ ቀረ። ዝም ማለቷን ልብ አለ። የምትጠራው እሱን ነው፤ ዝም የምትለው ደግሞ አቤት እንዲል ነው። የመልሱን ቦታ ባዶ ትታለታለች። ጠርቶ ዝም የማይል ሰው መቼ ይጠራል? ይጮሃል እንጂ። የእሱ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እኩል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚጮህ ዘፈን ነበር። ማን በመሃል ገብቶ አቤት ይበል?

እህቱ በሩን ከፍታ ገባች።

«ጆሮህ ላይ ምን ሰክተህ ነው? ስጠራህ አቤት አትልም እንዴ?»

«እትዬ፣ እስቲ ደግመሽ ጥሪኝ።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ግዴለሽም፣ ውጪና ደግመሽ ጥሪኝ። እንዳሁኑ አድርገሽ።»

«ሰርጉ አሳበደህ» አለች፤ ግን ወጣች። ከማድ ቤትም ሆና፣ በቁጣ፣ አንድ ጊዜ ጠራችው። ቁንጫ ዓይኑን ጨፍኖ ዝምታዋን ለካ።

መጭመቂያውን ከዘፈኑ ላይ አነሳው። ዝቅ ያለው ዝቅ አለ፣ ከፍ ያለው ከፍ አለ። ጎረቤቲቱ ነፍሷ የተንጠለጠለባትን ቦታ፣ ያንን ከበሮው ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ፣ አሳለፈው፤ ጫፉ ላይ ግን ሁሉንም ድምፅ ቆረጠ። ባዶ። የእህቱን ዝምታ ያህል። ከዚያ ከበሮው በሙሉ ጉልበቱ ይመለሳል። ባዶውን ሲሰማው ያን ሁሉ ማጥራት በከንቱ እንዳላደረገው ገባው፤ ከፊቱ ያለው ድምፅ እንደ ድሮው ድፍርስ ቢሆን ኖሮ ዝምታው እንዲህ ተለይቶ አይሰማም ነበር። ለፊውዝ በስልክ ላከለት። ፊውዝ የመለሰው አንድ ቃል ነው፦ «እንሞክረው።»

በሰርጉ ዕለት ከኬኩ በኋላ ፊውዝ ዘፈኑን ከፈተ። ሙሽራዋ ከመድረኩ ላይ ሆና አጎቷን በዓይኗ ፈለገችው። ቁንጫ ስፒከሩ ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ቆሟል። ከበሮው ጀመረ። ጥቂት ወጣቶች መሃል ላይ ነበሩ፤ ሌላው ሰው ወሬና ሳህን ላይ ነው። ቤዙ ገባ። ማንም አልተነሳም። ከበሮው ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፤ ጸጥ አለ።

አዳራሹ ክው አለ። ማንኪያ ሳህን ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፣

«መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸ።

መብራቱ ግን ቦግ ብሎ ይታያል። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፤ ጮኺውን አየ፤ ሊስቅ ሲል ከበሮው በሙሉ ጉልበቱ ወረደ።

«መጣ!» አሉ ልጆች፣ መብራት ሲመጣ እንደሚሉት።

ሳቁና ከበሮው ተቀላቀሉ። ሰው እየሳቀ ተነሳ። መቼም እየሳቀ የተነሳ ሰው መልሶ ለመቀመጥ ይከብደዋል። ከበሮው ሁለተኛ ሽቅብ ሲወጣ አዳራሹ ሁሉ ጠብቆት ነበር፤ ጸጥ ሲል ሁሉም በአንድ አፍ «ሄደ!» አሉ፤ ሲመለስ «መጣ!» እያሉ ዘለሉ። ካፖርት ደርባ የከረመችው እህቱ እንኳ የእጅ ቦርሳዋን ለሙሽራው አስይዛ መሃል ገብታለች። ቁንጫ ያሰበው ይህን አልነበረም። እሱ ያሰበው «አቤት» የሚል መልስ ነው። ሰው የመለሰው የራሱን ነው፤ ግን መለሰ።

ሦስተኛው ጸጥታ ላይ ሙሽራዋ ከመድረኩ ጫፍ፣ ነጭ ልብሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በዝምታው ውስጥ፣

«አጎቴ!» ብላ ተጣራች።

ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አቤት!» አለ ቁንጫ። ከበሮው ሲወርድ ከግድግዳው ተላቆ ነበር። እንዴት እንደሚጨፈር አያውቅም፤ ስለዚህ ዘለለ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ ዘለለ። አንዱን ሲዘል ከኋላው ጭርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ስፒከሩ አይደለም፣ ሱሪው ነው፤ ከቀበቶው ሥር እስከ ታች ተተርትሯል። እህቱ አየችና በካፖርቷ ሸፈነችው፤ «ይኸው፣ ዘለለ!» አለች ለሰው ሁሉ፤ «ቁንጫው ዘለለ!» ካፖርቱን ወገቡ ላይ አስሮ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልቆመም።

ከሰርጉ በኋላ ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው አውርዶ አጠባቸው። ፊውዝ ዘፈኑን ለሌሎች ግብዣዎችም አስቀመጠው፤ «ሌላም አምጣ፣ ሰው አንዱን ሲለምደው መደነቅ ይተዋል» አለው። ቁንጫ «አዲሱ» የሚለውን ፋይል ከፍቶ ጀመረ። ለሚመጣው ሳምንት ግብዣ ፊውዝ ጠርቶት ስለነበር፣ ሱሪውን ከአዳራሹ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ ሰጠው። ያለው ደህና ሱሪ ያ አንድ ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ሰፊው የወረደው ለዚህ ነው። ሰፊው ሱሪውን ከዘንጉ አውርዶ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጦ አሳየው።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድሜ፤ ምን ስትሠራ ነው እንዲህ የተተረተረው? ከአጥር ላይ ዘለህ ነው?»

«ስጨፍር ነው።»

ሰፊው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየው።

«በዚህ ዕድሜ?»

«በዚህ ዕድሜ ነው የጀመርኩት።»

«እንግዲያው ሁለት እጥፍ ሰፍቼዋለሁ። ጨርቁ ቢያልቅ እንጂ ስፌቱ አይለቅም።»

ቁንጫ ማመን አልቻለም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ሱሪውን ለበሰና ወጣ፤ በሱቁ መሃል ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ ብድግ አለ። ደገመው። ለመጨረሻ ጊዜ ዘለለ። ሰፊው ጆሮውን ወደ ስፌቱ አዘንብሎ ሰማ።

«ምንም የለም» አለ ሰፊው።

ቁንጫ ሒሳቡን ከፍሎ፣ አሮጌውን ሱሪ በፌስታል ይዞ፣ አዲስ የተሰፋውን እንደለበሰ ወደ ቤቱ ሄደ።